ማግኔትነትና ልዕለ አስተላላፊነት በአንድ ክሪስታል ውስጥ

አንዳንድ ብረቶችና ውህዶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ከሁለት ባሕርያት አንዱን ያሳያሉ፤ ወይ በውስጣቸው ያሉት አቶሞች እንደ ጥቃቅን ማግኔቶች ሥርዓት ይዘው ይሰለፋሉ፣ ወይም የኤሌክትሪክ ፍሰት ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያልፍባቸው ይሆናሉ። የመጀመሪያው መግነጢሳዊ አሰላለፍ ይባላል፤ ሁለተኛው ልዕለ አስተላላፊነት ሲሆን የቤተ ሙከራ ሰዎች ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ይሉታል። ሁለቱ ባሕርያት ለረጅም ጊዜ እንደ እሳትና ጭድ ሲታዩ ኖረዋል፤ አንዱ ባለበት ሌላው አይኖርም የሚለው እምነትም በቂ ማስረጃ ነበረው። ብርቅዬ የመሬት ንጥረ ነገሮች በሚባሉት ብረቶች ውህዶች ላይ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተካሄደው ምርምር ግን ነገሩን ከሥሩ እንደገና አስመርምሯል። ምርምሩ ያሳየው ጠቡ የሚነሳው ማግኔት በመኖሩ ብቻ ሳይሆን ማግኔቶቹ ከተሰለፉበት መንገድና ፍሰቱን ከሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ጋር ካላቸው ቅርበት መሆኑን ነው፤ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ልዕለ አስተላላፊነት የታወቀው በ1911 በኔዘርላንድስ፣ በሌይደን ከተማ ነው። ሄይኬ ካመርሊንግ ኦነስ ከሦስት ዓመት በፊት ሂሊየም የተባለውን ጋዝ ወደ ፈሳሽነት መለወጥ ችሎ ስለ ነበር፣ በዚያ ቅዝቃዜ የተለያዩ ብረቶችን ሲመረምር ባዜቃ 4.2 ኬልቪን ላይ ሲደርስ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በድንገት ጠፋ። ኬልቪን ከፍጹም ቅዝቃዜ ተነስቶ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ሲሆን ዜሮው ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይውላል። የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ደግሞ ኤሌክትሮኖች በሽቦ ውስጥ ሲጓዙ የሚገጥማቸው መደናቀፍ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ የሚግለው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1933 ቫልተር ማይስነርና ሮበርት ኦክሰንፌልድ በርሊን ላይ እንዳረጋገጡት ልዕለ አስተላላፊ የሆነ ብረት ተቃውሞውን ማጣት ብቻ ሳይሆን የማግኔት መስክንም ከውስጡ ገፍቶ ያስወጣል። ብረቱ መስኩን ለማስወጣት ኃይል ያወጣል፤ መስኩ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን ይሸነፍና ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ማግኔት ለልዕለ አስተላላፊነት ጠላት መሆኑ ከጥንቱ የታወቀ ነው።

ከውስጥ የሚነሳው ማግኔት የሚያስከትለውን ችግር ለመረዳት ልዕለ አስተላላፊነት ከምን እንደሚመነጭ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1957 ጆን ባርዲን፣ ሊዮን ኩፐርና ሮበርት ሽሪፈር ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በተለመደው ሁኔታ እርስ በርስ የሚገፋፉት ኤሌክትሮኖች በክሪስታሉ አቶሞች መርገብገብ አማካይነት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመራሉ፤ ጥንዶቹም ሁሉ እንደ አንድ አካል አብረው ስለሚጓዙ አንዱን ለይቶ ማደናቀፍ አይቻልም። የበሬ ጥማድ የሚያርሰው ሁለቱ በሬዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲስቡ ነው፤ የኤሌክትሮን ጥንድ የሚጸናው ግን በተቃራኒው፣ የሁለቱ ስፒን አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሲያመለክት ነው። ስፒን እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከተፈጥሮው የያዘው መግነጢሳዊ ባሕርይ ሲሆን እንደ ትንሽ የኮምፓስ መርፌ ሊታሰብ ይችላል። ሌላው መታወስ ያለበት ነገር የጥንዱ ሁለት ኤሌክትሮኖች ጎን ለጎን የተጣበቁ አለመሆናቸው ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ በአሥሮችና በመቶዎች የሚቆጠሩ አቶሞችን ያቅፋል። ይህ የጥንዱ ስፋት በኋላ እንደሚታየው ብዙ ነገር ይወስናል።

ብርቅዬ የመሬት ንጥረ ነገሮች የሚባሉት ከላንታነም እስከ ሉቴሺየም ያሉት 15 ብረቶች ከስካንዲየምና ከኢትሪየም ጋር ሲሆኑ፣ ስማቸው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ለምሳሌ ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከእርሳስ የበለጠ ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር እነሱን ማግኘት ሳይሆን አንዱን ከሌላው መለየት ነበር፤ ኢትሪየም፣ ኢተርቢየም፣ ተርቢየምና ኤርቢየም አራቱም ስማቸውን የወሰዱት ኢተርቢ ከምትባል አንዲት የስዊድን መንደር መሆኑ በአንድ ድንጋይ ውስጥ ምን ያህል ተቀላቅለው እንደሚኖሩ ያሳያል። የሚመሳሰሉበት ምክንያት ከሌሎች አቶሞች ጋር የሚያገናኟቸው የውጭ ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት በመሆናቸው ነው፤ ልዩነታቸው ያለው ወደ ውስጥ ዘልቆ በተደበቀው፣ 4ኤፍ ተብሎ በሚጠራው የኤሌክትሮን ክፍል ነው። ይህ ክፍል በላንታነም ባዶ ነው፤ በሉቴሺየም ይሞላል፤ በመካከል ባሉት ግን ብዙዎቹ ኤሌክትሮኖች ስፒናቸው ሳይጣፋ ስለሚቀር አቶሙን ማግኔት ያደርጉታል። በጋዶሊኒየም ሰባት ኤሌክትሮኖች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም፤ በአንድ ክሪስታል ውስጥ ኢትሪየምን በሆልሚየም ወይም በኤርቢየም መተካት ቤቱን ሳይነኩ ተከራዩን ብቻ እንደ መለወጥ ነው፤ የአቶሞቹ አቀማመጥ እንዳለ ሆኖ የማግኔቱ ብርታት ብቻ ይቀየራል።

በዚህ ዕድል ከተጠቀሙት ቀዳሚዎቹ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሠራተኞች የነበሩት በርንት ማቲያስ፣ ሃሪ ሱልና ኧርነስት ኮረንዝዊት ናቸው። በ1958 ላንታነም ላይ አንድ በመቶ ያህል የሌሎቹን ብርቅዬ ብረቶች በየተራ እየቀላቀሉ፣ ልዕለ አስተላላፊነቱ የሚጀምርበት ሙቀት በእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚወርድ ለኩ። ብዙ ሰው ሊጠብቅ የሚችለው በማግኔትነት ብርታት አንደኛ የሆኑት ዲስፕሮሲየምና ሆልሚየም የበለጠ ጉዳት እንዲያደርሱ ነው። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ፤ ከሁሉ የከፋው ጋዶሊኒየም ነበር። የእነ ሆልሚየም ማግኔትነት ጉልህ ክፍል የሚመነጨው ኤሌክትሮኖች በኒውክለስ ዙሪያ ከሚያደርጉት ዑደት ሲሆን፣ የጋዶሊኒየም ግን ሙሉ በሙሉ ከስፒን ነው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ጥንዱን የሚፈታው አቶሙ በአካባቢው የሚዘረጋው የማግኔት መስክ ሳይሆን የአቶሙ ስፒን በአጠገቡ ከሚያልፈው ኤሌክትሮን ስፒን ጋር የሚያደርገው ቀጥተኛ ግጥሚያ መሆኑ ነው፤ በፊዚክስ ቋንቋ የልውውጥ መስተጋብር ይባላል። ይህ መስተጋብር የጥንዱን ሁለት ኤሌክትሮኖች ስፒን ወደ አንድ ወገን ለማዞር ይታገላል፤ ጥንዱ ደግሞ በተቃራኒነቱ የጸና ስለሆነ ይበጠሳል። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ አሌክሲ አብሪኮሶቭና ሌቭ ጎርኮቭ ብዙም ሳይቆዩ ይህን የጥንድ መፈታት በሒሳብ አስቀመጡት፤ የእያንዳንዱ ብርቅዬ ብረት የጉዳት መጠን የሚሰላበት ቁጥርም በፈረንሳዊው ፒየር ዢል ደ ዤን ስም ይጠራል።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው በዘፈቀደ ስለ ተበተኑ ማግኔቶች ነው። ትልቁ ጥያቄ ማግኔቶቹ በክሪስታሉ ውስጥ ቋሚ ቦታ ይዘው፣ ሁሉም በአንድነት ሲሰለፉ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያመለክቱበት አሰላለፍ ፌሮማግኔታዊ ይባላል፤ የተለመደው የብረት ማግኔት እንዲህ ነው። ቪታሊ ጊንዝበርግ ገና ከ1957 አስቀድሞ እንደ ጠቆመው በእንዲህ ያለ ብረት ውስጥ የሚፈጠረው የማግኔት መስክ ብቻውን ልዕለ አስተላላፊነትን ለመግደል ይበቃል። ጎረቤታሞቹ እየተፈራረቁ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች የሚያመለክቱበት ደግሞ አንቲፌሮማግኔታዊ ይባላል። በዚህኛው አሰላለፍ የጥንዱ ስፋት ዋጋ ያገኛል። ጥቁርና ነጭ ክር እየተፈራረቀ የተሸመነ ጨርቅ ከራቅ ብለው ሲያዩት አመድማ ይመስላል እንጂ ጥቁሩም ነጩም ለብቻው አይለይም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ አቶሞችን ያቀፈ ጥንድም እንዲሁ በአንቲፌሮማግኔት ውስጥ ሲያልፍ የሚያገኘው ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ ኃይል ተጣፍቶ ዜሮ የተጠጋ አማካይ ነው። ጥንዱ ጠባብ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱን ማግኔት ለየብቻው ይቀምስ ነበር።

ይህን በተግባር ለማየት በርከት ያለ ማግኔት ይዘው ልዕለ አስተላላፊነታቸውን የማያጡ ውህዶች ያስፈልጉ ነበር፤ እነሱም በ1970ዎቹ ተገኙ። በፈረንሳይ የሬን ከተማ ሮዤ ሼቭረልና ባልደረቦቹ የሠሯቸው የሞሊብዲነምና የድኝ ውህዶች አንደኞቹ ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ የሮዲየምና የቦሮን ውህዶች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ፍሰቱን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች በአብዛኛው ከብርቅዬው ብረት ራቅ ብለው፣ በሞሊብዲነሙ ወይም በሮዲየሙ ስብስብ ላይ ስለሚመላለሱ ግጥሚያው ለዘብ ያለ ነው።

በ1977 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲየጎ ኤርቢየም፣ ሮዲየምና ቦሮን የተዋሐዱበት ክሪስታል ሲቀዘቅዝ 8.7 ኬልቪን ላይ ልዕለ አስተላላፊ ሆነ፤ ቅዝቃዜው ሲቀጥል 0.9 ኬልቪን አካባቢ የጠፋው ተቃውሞ ተመልሶ መጣ። ብረት ይበልጥ ሲቀዘቅዝ ልዕለ አስተላላፊነቱን ማጣቱ ከተለመደው የተለየ ነበር። ምክንያቱ የኤርቢየም አቶሞች በዚያ ሙቀት ፌሮማግኔታዊ ሆነው መሰለፋቸው ነው። በዚያው ዓመት በጄኔቭ የተመረመረው የሆልሚየም፣ የሞሊብዲነምና የድኝ ውህድም ከ2 ኬልቪን ጥቂት ዝቅ ብሎ የጀመረውን ልዕለ አስተላላፊነት 0.7 ኬልቪን ገደማ ላይ በተመሳሳይ መንገድ አጣው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ድሉ ከመለየቱ በፊት ባለችው ጠባብ የሙቀት ክልል የሚሆነው ነው። በኒውትሮን ሲመረመር የኤርቢየሙ ክሪስታል ከ1 ኬልቪን ግድም ዝቅ ሲል ማግኔቱ ቀጥ ብሎ አይሰለፍም፤ በ100 አንግስትሮም ገደማ ርዝመት የሚመላለስ ማዕበል ይሠራል። አንድ አንግስትሮም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። ማግኔቱ ልዕለ አስተላላፊነቱን አጥፍቶ ከመግባት ይልቅ አቅጣጫውን በየመሐሉ እያገላበጠ ከጥንዶቹ ጋር ለጥቂት ጊዜ ይስማማል፤ ፊሊፕ አንደርሰንና ሃሪ ሱል እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል በ1959 በስሌት ተናግረው ነበር። ማሸነፍና መሸነፍ ብቻ ይኖራል ተብሎ በታሰበበት ቦታ እርቅ መገኘቱ የዚህ የምርምር ዘርፍ ከሁሉ የበለጠ ውብ ግኝት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እርቁ ግን አይጸናም፤ ሙቀቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ፌሮማግኔቱ ሁሉን ይጠቀልላል።

ነገሩን በሙሉ ስፋቱ ያሳየው በ1994 የተገኘው የኒኬል፣ የቦሮንና የካርቦን ውህዶች ቤተሰብ ነው። በህንድ፣ ሙምባይ ከሚገኘው የታታ ተቋም እና ከቤል ቤተ ሙከራ የመጡ ዘገባዎች በዚያው ዓመት ታተሙ፤ ማግኔት የሌለው የሉቴሺየም ውህድ ከ16 ኬልቪን ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ልዕለ አስተላላፊ ይሆናል። ሉቴሺየሙ በሌሎቹ ሲተካ ይህ ሙቀት ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ የቱሊየሙ 11 ኬልቪን፣ የኤርቢየሙ ከ11 ጥቂት ያነሰ፣ የሆልሚየሙ 8 ኬልቪን ገደማ፣ የዲስፕሮሲየሙ 6 ኬልቪን ላይ ይጀምራሉ፤ ተርቢየምና ጋዶሊኒየም ያለባቸው ግን ማግኔት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ማግኔታዊ አሰላለፉ የሚጀምርበት ሙቀት በአንጻሩ ከቱሊየሙ 1.5 ኬልቪን ተነስቶ በጋዶሊኒየሙ 20 ኬልቪን እስኪደርስ ይወጣል። ሁለቱ ባሕርያት አንድ ዓይነት የሙቀት ክልል ውስጥ እንዲህ ተቀራርበው የሚገናኙበት ሌላ ቤተሰብ እምብዛም የለም።

ከነዚህ ውስጥ የሆልሚየሙ ክሪስታል በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ክሪስታሉ ከቀለጠ ኒኬልና ቦሮን ውስጥ ቀስ እያለ የሚበቅል ስስ ዝርግ ሲሆን፣ በውስጡ የሆልሚየምና የካርቦን ንጣፍ ከኒኬልና ከቦሮን ንጣፍ ጋር እየተደራረበ ይወጣል። ቅዝቃዜው 8 ኬልቪን ላይ ሲያደርሰው ተቃውሞው ዜሮ ይሆናል። 6 ኬልቪን አካባቢ የሆልሚየም ማግኔቶች መሰለፍ ይጀምራሉ፤ በአንድ ንጣፍ ላይ ያሉት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ፣ የሚቀጥለው ንጣፍ ግን እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ በተወሰነ ማዕዘን ዞሮ ይገኛል፤ የዚህ ጥምዝ እርምጃ ከክሪስታሉ እርምጃ ጋር አይገጥምም፤ ሌላ የሚመላለስ ማዕበልም ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ልዕለ አስተላላፊነቱ ይደክማል፤ በ5 ኬልቪን አጠገብ ትንሽ የውጭ ማግኔት መስክ ቢጨመርበት፣ በአንዳንድ ናሙናም ምንም ሳይጨመርበት፣ ተቃውሞው ይመለሳል። ከ5 ኬልቪን ትንሽ ዝቅ ሲል ግን ጥምዙ ይጠፋና ንጣፎቹ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ እየተፈራረቁ ንጹሕ አንቲፌሮማግኔት ይሆናሉ፤ ወዲያው ልዕለ አስተላላፊነቱ እንደገና ይበረታል። በነዚህ ጥቂት የሙቀት እርከኖች ውስጥ የሆልሚየሙ መጠን አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም፤ የእያንዳንዱ አቶም ማግኔትነትም እንደ ነበረ ነው። የተለወጠው አሰላለፉ ብቻ ነው።

የዲስፕሮሲየሙ ውህድ ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀጥላል። በእሱ ማግኔቶቹ 10 ኬልቪን ላይ አስቀድመው በአንቲፌሮማግኔት ተሰልፈው ይጨርሳሉ፤ ልዕለ አስተላላፊነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ በተሰለፉት ማግኔቶች መካከል ነው። በአሜሪካ የአይዋ ግዛት በምትገኘው ኤምስ ከተማ፣ ፖል ካንፊልድን ጨምሮ ተመራማሪዎች ዲስፕሮሲየሙን በጥቂቱ እያወጡ ማግኔት በሌለው ሉቴሺየም ሲተኩ ያገኙት ውጤት ከ1958ቱ ትምህርት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል። ማግኔቱ ስለ ቀነሰ ልዕለ አስተላላፊነቱ ሊጠናከር ሲገባው በፍጥነት ተዳከመ። ሥርዓት ይዞ በተፈራረቀ ሰልፍ ውስጥ ማግኔት የሌለው አቶም እንደ ክፍተት ስለሚቆጠር፣ በዙሪያው የሚጣፋ ጓደኛ ያጡ ማግኔቶች ይቀራሉ፤ ጥንዱን የሚፈቱትም እነዚህ ናቸው። በላንታነም ውስጥ ማግኔት የሆነው አቶም ቆሻሻ እንደ ነበረ ሁሉ እዚህ ደግሞ ማግኔት ያልሆነው አቶም ቆሻሻ ሆነ።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው በዋነኛነት በኒውትሮን አማካይነት ነው። ኒውትሮን የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ወደ ክሪስታሉ ጥልቅ ይገባል፤ የራሱ ትንሽ ማግኔትነት ስላለው ደግሞ ከውስጥ ያሉትን ማግኔቶች አቅጣጫ በሚበተንበት ማዕዘን ይናገራል። የዚህን ዘዴ መሠረት የጣሉት በርትራም ብሮክሃውስና ክሊፎርድ ሻል የኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው እነዚህ ውህዶች በተገኙበት በ1994 ነው።

ማግኔትነት ጎጂ ሆኖ አንዳንዴ ብቻ ይታገሣል የሚለው አባባል ራሱ ሙሉ አይደለም። በ1979 በጀርመን ፍራንክ ሽቴግሊሽና ባልደረቦቹ የሴሪየም፣ የመዳብና የሲሊከን ውህድ በግማሽ ኬልቪን አካባቢ ልዕለ አስተላላፊ እንደሚሆን አሳወቁ። ማግኔት የሌለው አቻው፣ በሴሪየም ፋንታ ላንታነም የገባበት፣ ይህ ባሕርይ የለውም። በሴሪየም ውስጥ ያለችው አንዲት የ4ኤፍ ኤሌክትሮን እንደ ሌሎቹ ተደብቃ አትቀርም፤ ከሚመላለሱት ኤሌክትሮኖች ጋር ስለምትቀላቀል እነሱን በመቶዎች እጥፍ የከበዱ ያስመስላቸዋል፤ ጥንዶቹም የሚሠሩት ከነዚሁ ከባድ ኤሌክትሮኖች ነው። በ1998 በካምብሪጅ የተሠራው ሙከራ ደግሞ ሌሎች የሴሪየም ውህዶች በከፍተኛ ግፊት ሲጨመቁና አንቲፌሮማግኔታዊ አሰላለፋቸው ሊጠፋ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ በዚያች ጫፍ ልዕለ አስተላላፊነት ብቅ እንደሚል አሳየ። ብዙ ሊቃውንት እንደሚያምኑት በዚህ ቦታ ኤሌክትሮኖቹን የሚያጣምራቸው የአቶሞች መርገብገብ ሳይሆን የማግኔቱ መዋዠቅ ነው፤ ይህ ከሆነ ጥንዱን ይፈታል የተባለው ኃይል አጋቢው ሆኗል ማለት ነው።

የጋዶሊኒየም ነገር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በሆስፒታል የኤም.አር.አይ መሣሪያ ውስጥ ታካሚው የሚተኛበትን ብርቱ የማግኔት መስክ የሚፈጥረው በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዘ የኒዮቢየምና የቲታኒየም ልዕለ አስተላላፊ ሽቦ ሲሆን፣ ምስሉ ጎልቶ እንዲወጣ አንዳንድ ጊዜ በታካሚው ደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት የጋዶሊኒየም ውህድ ነው፤ እነዚያ ያልተጣፉ ሰባት ኤሌክትሮኖች እዚያ ይጠቅማሉ። ከዚህም አልፎ፣ በ1987 ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን የተዋሐዱበት ቁስ ከ90 ኬልቪን በላይ ልዕለ አስተላላፊ መሆኑ ሲታወቅ፣ ተመራማሪዎች ኢትሪየሙን አውጥተው ጋዶሊኒየም ለማስገባት አልዘገዩም። ፍሰቱ የሚሄደው በመዳብና በኦክስጅን ንጣፎች ላይ ስለሆነና ጋዶሊኒየሙ በንጣፎቹ መካከል ለብቻው ስለ ተቀመጠ፣ ልዕለ አስተላላፊነቱ ምንም ሳይነካ በ92 ኬልቪን አካባቢ ጸና፤ ጋዶሊኒየሞቹም 2.2 ኬልቪን ላይ ሲደርሱ ማንንም ሳያስቸግሩ በአንቲፌሮማግኔት ተሰለፉ። በ1958 አንድ በመቶ ብቻ ገብቶ የላንታነምን ልዕለ አስተላላፊነት ያንኮታኮተው ይኸው ብረት፣ ዛሬ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው ብርቱ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያለ ተቃውሞ በሚያስተላልፉ ጥብጣብ ሽቦዎች ውስጥ ቦታ አለው።